የቡድሂዝም ቀለማትን እንዴት ማንበብ ይቻላል? ከመነኩሴው ልብስ እስከ ማንዳላው፣ ደረጃ በደረጃ

ኢንተርኔት ላይ ስለ ቡድሂዝም ቀለማት ብትፈልጉ በብዛት የሚመጣላችሁ ሰንጠረዥ ነው። ነጭ ንጽሕና፣ ቀይ ፍቅር፣ ሰማያዊ ጥበብ፣ አለቀ። ያንን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ባንኮክ ወይም ካትማንዱ ብትወርዱ ግን ቶሎ ግራ ይገባችኋል። ታይላንድ ውስጥ ፀጉሯን ተላጭታ ነጭ የለበሰች ሴት ካያችሁ ዓለምን ትታ ገዳም የገባች ናት። ስሪላንካ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ቀን ነጭ የለበሰችው ሴት ደግሞ ባለትዳርና የልጆች እናት ልትሆን ትችላለች፤ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቀለሙ ያው ነጭ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ተዉት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ነው። አንድ ልብስ፣ ባንዲራ ወይም ሥዕል ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ምን እንደምታዩ፣ ከዚያ ምን እንደምትጠይቁ ያሳያችኋል። ለንግድ ባንኮክና ጓንዡ የምትመላለሱ፣ ወይም ሙዚየም መግባት የምትወዱ ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ያዙ፦ ቡድሂዝም ውስጥ ቀለም ብቻውን ቆሞ ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚሰጠው የት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

1. መጀመሪያ የየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ

ሦስት ትልልቅ ወገኖች አሉ። ስሪላንካ፣ ምያንማር፣ ታይላንድ፣ ላኦስና ካምቦዲያ የቴራቫዳ አገሮች ናቸው። ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓንና ቬትናም በአብዛኛው የማሃያና ናቸው። ቲቤት፣ ቡታንና ሞንጎሊያ የቫጅራያና ናቸው፤ ኔፓል ውስጥም ብዙ ተከታይ አለው።

ይሄን ማወቅ የሚጠቅመው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደምትቆፍሩ ስለሚነግራችሁ ነው። ቴራቫዳ አገር ከሆናችሁ ዋናው ጉዳይ ልብሱና ባንዲራው ነው። የቲቤት ሥዕል ፊት ከሆናችሁ ግን እያንዳንዱ ቀለም በሥርዓት የተቀመጠ ነውና ጊዜ ወስዳችሁ ማየት አለባችሁ።

2. ልብሱን ከማቅለሚያው ጀምራችሁ እዩት

ብዙ ሰው ብርቱካናማውን ልብስ ሲያይ «ይሄ ቀለም ምንን ይወክላል?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን «ከምን ተሠራ?» ነው።

በጥንቱ የመነኮሳት ደንብ መሠረት የመነኩሴ ልብስ ሰው የጣለው ጨርቅ ነበር። ከቆሻሻ መጣያ፣ ከመቃብር ስፍራ የተለቀመ ብጥስጣሽ ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ ቀለም ይነከራል። መነኮሳቱ መጀመሪያ ላይ በከብት እበትና በቢጫ አፈር ያቀልሙት ነበር። ልብሱ አስቀያሚ ሆነ። ቡድሃ ያኔ ስድስት ዓይነት ማቅለሚያ ፈቀደ፦ ከሥር፣ ከግንድ፣ ከቅርፊት፣ ከቅጠል፣ ከአበባና ከፍሬ የሚወጣ። ያልፈላ ቀለም ልብሱን ስላሸተተው ደግሞ ማፍላት ተፈቀደ። መብሰሉ የሚታወቀው አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ወይም ጥፍር ላይ ጠብ በማድረግ ነው። ይሄ ሁሉ ዝርዝር ደንቡ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የማቅለሚያ ቤት ሠራተኛ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ከዛፍ ልጥና ከሥር ከሚወጣ ቀለም የሚገኘው እንግዲህ ቢጫማ፣ ቡናማ፣ ዝገት የሚመስል መልክ ነው። የታይላንድ የጫካ መነኮሳት እስካሁን የጃክፍሩት ዛፍን እምብርት እንጨት ቀቅለው ቡናማ ወርቅማ ቀለም ያወጣሉ። «የሳፍሮን ልብስ» የሚለው የፈረንጆች አጠራር ያሳስታል። ሳፍሮን ከድሮም ውድ ቅመም ነው፤ የተጣለ ጨርቅ የሚለቅም ሰው በሱ ሊያቀልም አይችልም።

አሁን ደንቡ የሚከለክለውን እዩ። ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ፣ ሙሉ በሙሉ ቢጫ፣ ሙሉ በሙሉ ቀይ ወይም ጥቁር ልብስ ለመነኩሴ አይፈቀድም። ደማቅና ንጹሕ ቀለም የዓለማዊ ሰው ጌጥ ነዋ። አዲስ ልብስ ሲያገኝም መነኩሴው ከመልበሱ በፊት በጭቃ፣ በጥቁር ወይም በአረንጓዴማ ቀለም ምልክት አድርጎ ሆን ብሎ «ማበላሸት» አለበት። ልብሱ ከቁርጥራጭ የሚሰፋውም የማጋዳን (የጥንቱን የሕንድ ግዛት) የሩዝ ማሳ ድንበሮች እንዲመስል ነው፤ ንድፉን ያወጣው የቡድሃ የቅርብ ደቀ መዝሙር አናንዳ ነው ይባላል። ማን ይጓጓለታል፣ ማንስ ይሰርቀዋል? ነገሩ ያ ነው።

የእኛ ባህታውያንም ቢጫ ስለሚለብሱ ለአበሻ ዓይን ነገሩ ቶሎ ይመሳሰላል። መልኩ ይቀራረብ እንጂ ምንጩ አንድ አይደለም፤ አታያይዙት።

በሩቁ ለመለየት ያህል፦ ምያንማር ላይ መነኮሳቱ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሴት መናንያኑ ሮዝ ይለብሳሉ። ቲቤቶች ወይን ጠጅ ይለብሱና ለሥነ ሥርዓት ቢጫ ይደርባሉ። ኮሪያ ላይ ግራጫ ከላዩ ቡናማ ጣል ይደረግበታል። ጃፓን ላይ የጥንቱ ደንብ ቢከለክለውም ጥቁር ይበዛል። ሐምራዊ ካያችሁ ግን ወደ ቤተ መንግሥት ተሻገሩ፤ በቻይናና በጃፓን ሐምራዊ ልብስ ለከፍተኛ መነኮሳት የሚሰጥ የንጉሥ ሽልማት ነበር። በ1620ዎቹ መጨረሻ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ጎ-ሚዙኖ ሾጉኑን (አገሩን በተግባር የሚገዛውን የጦር አለቃ) ሳያማክር ሐምራዊ ልብስ ሰጠ ተብሎ ትልቅ ጠብ ተነሣ። ልብሱ ተሰረዘ፣ የተቃወመው የዜን መነኩሴ ታኩዋን በ1629 ተጋዘ፣ ንጉሡም በዚያው ዓመት ዙፋኑን ለቀቀ። እዚህ ጋ ቀለሙ ማን ይሾማል የሚል የሥልጣን ጥያቄ ነበር።

3. ሐውልቱ ለምን ወርቃማ እንደሆነ ተረዱ

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ስትገቡ ወርቁ ዓይን ይወጋል። «ድህነትን አስተምሮ ይሄ ሁሉ ወርቅ?» ማለት ይቀላል። ግን በትውፊቱ አንድ ታላቅ ሰው የሚታወቅባቸው 32 የአካል ምልክቶች አሉ። አንዱ ወርቅ የመሰለ ቆዳ ነው። ሌላው በጣም ሰማያዊ ዓይን ነው። በቅንድቦቹ መካከል ያለች ነጭ ለስላሳ ፀጉርም እንዲሁ። ማንዳላይ በምትባለው የምያንማር ከተማ በሚገኘው ማሃሙኒ የቡድሃ ሐውልት ላይ ወንዶች በየቀኑ ስስ የወርቅ ቅጠል ሲለጥፉ የሚያደርጉት ያንን አካል ማክበር ነው። ከብዛቱ የተነሣ የሐውልቱ ሰውነት በወርቅ አብጦ ቅርጹን አጥቷል። በቲቤት ሥዕል የቡድሃ ፀጉር ሰማያዊ ሆኖ ብታዩት ደግሞ የሠዓሊው ፈጠራ አይደለም፤ ጥቁር ሰማያዊ ፀጉርም ከዚሁ ትውፊት የመጣ ነው።

4. ባለ ስድስት ረድፉን ባንዲራ አንብቡ

ስሪላንካ፣ ቬትናም፣ ኮሪያ፣ የትም ብትሄዱ የምታገኙት ባንዲራ አለ። ከሰቀያው በኩል ሲቆጠር ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ ነው፤ ስድስተኛው ረድፍ አምስቱን ቀለማት ደራርቦ ይይዛል።

ጥንታዊ ይመስላል እንጂ ዕድሜው አጭር ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ኮሎምቦ ውስጥ አንድ ኮሚቴ ነደፈው። በዚያው ዓመት ሜይ 28፣ የቡድሃ ልደት በሚከበርበት በቬሳክ በዓል፣ ኮታሄና በሚገኘው ዲፓዱታማራማ ቤተ መቅደስ ተሰቀለ። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ቬሳክ የሕዝብ በዓል ሆኖ የተከበረበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። መጀመሪያ እንደ ረጅም ሪባን ስለነበር ለመያዝ አስቸገረ። ሄንሪ ስቲል ኦልኮት የሚባለው አሜሪካዊ መደበኛ የባንዲራ ቅርጽ እንዲይዝ ሐሳብ ሰጠ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ቡድሂስቶች ማኅበር ለሁሉም የጋራ አደረገው።

ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። ቡድሃ ብርሃን ካገኘ በኋላ በአራተኛው ሳምንት በተመስጦ ሳለ ከአካሉ ስድስት ቀለም ጨረር ወጣ ይላል ትውፊቱ። የተለመደው አተረጓጎም ሰማያዊው ርኅራኄ፣ ቢጫው መካከለኛው መንገድ፣ ቀዩ የልምምድ በረከት፣ ነጩ የትምህርቱ ንጽሕና፣ ብርቱካናማው ጥበብ ነው ይላል። ምያንማር ላይ በብርቱካናማው ፋንታ ሮዝ፣ ቲቤቶች ዘንድ ወይን ጠጅ ታገኛላችሁ። ለምን? መለስ ብላችሁ ልብሳቸውን አስታውሱ።

አንድ ነገር ልብ አላችሁ? ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ለመነኩሴው ልብስ የተከለከሉ ናቸው፤ ባንዲራው ላይ ግን ከቡድሃ አካል የወጡ ጨረሮች ሆነው ይውለበለባሉ። በሦስተኛ ቦታም ይመጣሉ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ የኖረው ሊቁ ቡድሃጎሳ እንደጻፈው፣ መነኩሴው አእምሮውን ለመሰብሰብ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ ወይም ነጭ ክብ ላይ ትኩር ብሎ ያያል። ክቡን ለመሥራት ቅርጫት ላይ አበባ እስከ አፉ ድረስ ጠቅጥቆ ይሞላል፤ ወይም ባለቀለም ጨርቅ በቅርጫቱ አፍ ላይ ልክ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ ያስራል። እዚህ ሰማያዊው ርኅራኄንም ሌላንም አይወክልም። ሐሳብ የሚታሰርበት ካስማ ነው፣ በቃ።

ይሄ ባንዲራ ቀልድ አይደለም ደግሞ። በሜይ 1963 ሁዌ በምትባለው የቬትናም ከተማ መንግሥት ለቬሳክ እንዳይሰቀል ከለከለ። ከጥቂት ቀናት በፊት የካቶሊክ ባንዲራዎች በነፃነት ተሰቅለው ስለነበር ሕዝቡ ተቆጣ። ወታደሮች ተኮሱ፣ ሰው ሞተ። በጁን 11 መነኩሴው ቲክ ኳንግ ዱክ ሳይጎን አደባባይ ላይ ራሱን አቃጠለ። የፕሬዚዳንት ዲየም መንግሥት ያንን ዓመት አልጨረሰም።

5. የጸሎት ባንዲራዎቹን ከግራ ጀምሩ

በካትማንዱው ቦውዳናት ስቱፓ (ጉልላት የመሰለ የቡድሂስቶች ቅዱስ ሕንፃ) እና በሂማላያ መተላለፊያዎች ላይ በገመድ የተደረደሩት ትንንሽ ጨርቆች ከላይ ካለው ባንዲራ ጋር አይገናኙም። ቅደም ተከተላቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ነው። ሰማይ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት። መካከላቸው ላይ ጌጥ የተሸከመ ፈረስ ታትሞባቸዋል፤ «የነፋስ ፈረስ» ይሉታል።

ቤታችሁ ልትሰቅሉ ከገዛችሁ ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀሉ። መሬት አታስነኩት። ፀሐይና ዝናብ ሲያነጣው አትዘኑ፤ ጸሎቱን ነፋስ ወሰደው ማለት ነው። ያረጀውን ቆሻሻ ውስጥ አይጥሉትም፣ ያቃጥሉታል።

6. ማንዳላውን ከታች ጀምራችሁ ዙሩት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የቲቤት ማንዳላ ከላይ የታየ ቤተ መንግሥት ነው፣ አራት በር ያለው። የምናውቀው ካርታ ሰሜንን ከላይ ያደርጋል። ማንዳላው ግን ምሥራቅን ወደ ተመልካቹ፣ ማለትም ወደ ታች ያደርጋል። ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ ስትዞሩ ደቡብ ግራ፣ ምዕራብ ላይ፣ ሰሜን ቀኝ ይሆናል።

በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ቡድሃ አለ። በምሥራቅ አክሾብያ፣ ሰማያዊ። በደቡብ ራትናሳምባቫ፣ ቢጫ። በምዕራብ አሚታባ፣ ቀይ። በሰሜን አሞጋሲዲ፣ አረንጓዴ። በመካከል ቫይሮቻና፣ ነጭ። እያንዳንዱ ቀለም አንድ የነፍስ መርዝና ያ መርዝ የሚለወጥበትን ጥበብ ይይዛል። ሰማያዊው ቁጣ ነው፤ ሲለወጥ እንደ መስታወት ሁሉን አጥርቶ የሚያይ ጥበብ ይሆናል። ቢጫው ትዕቢት ነው፤ ሁሉን በእኩል ወደሚያይ ጥበብ ይለወጣል። ቀዩ ምኞት ነው፤ አንዱን ከአንዱ አጥርቶ ወደ መለየት ይለወጣል። አረንጓዴው ቅናት ነው፤ ሥራን ወደ መፈጸም ይለወጣል። ነጩ አለማወቅ ነው፤ ነገሮችን በእውነተኛ ባሕርያቸው ወደሚያይ ጥበብ ይለወጣል። ሰንጠረዦቹ «ቀይ ፍቅር ነው» ብለው ሲያልፉት የሚጥሉት ይሄን ነው። ቀዩ የተነሣው ከምኞት ነው፤ ዓላማው ምኞቱን ነቅሎ መጣል ሳይሆን መለወጥ ነው።

አሁን ሞክሩት። አንድ ማንዳላ ፊት ናችሁ እንበል። ወለሉ በአራት ሦስት ማዕዘን ተከፍሏል። ታች ነጭ፣ ግራ ቢጫ፣ ላይ ቀይ፣ ቀኝ አረንጓዴ። ምሥራቅ ሰማያዊ መሆን ነበረበት፣ ነጭ ሆነ። ተሳስቷል? አልተሳሳተም። መሐሉን እዩ፦ ሰማያዊ አምላክ ተቀምጧል። አክሾብያ ወይም የእሱ ወገን የሆነ ወደ መካከል ሲገባ ቫይሮቻና ነጩን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይወጣል። እንግዲህ መሐሉ ያለው ትንሽ ምስል ደብዝዞ ባይታይ እንኳ ታች ያለውን ቀለም አይታችሁ የማን ቤተ መንግሥት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

ከዚህ ውጪ የሚሄድ አለ። የካላቻክራ ማንዳላ፣ መነኮሳት ብዙ ጊዜ በባለቀለም አሸዋ የሚሠሩት፣ ምሥራቁ ጥቁር፣ ደቡቡ ቀይ፣ ምዕራቡ ቢጫ፣ ሰሜኑ ነጭ ነው። ታች ጥቁር ካያችሁ የላይኛውን ሥርዓት ተዉት። የጸሎት ባንዲራውንም እዚህ አታምጡት፤ እዚያ አረንጓዴ ውሃ ነበር፣ የአሞጋሲዲ አረንጓዴ ግን ነፋስ ነው።

በእጅ ምልክትም አረጋግጡ። አክሾብያ መሬት ይነካል፣ ራትናሳምባቫ መዳፉን ወደ ውጭ ዘርግቶ ይሰጣል፣ አሚታባ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አሳርፏል፣ አሞጋሲዲ መዳፉን አንሥቶ «አትፍሩ» ይላል። ኢንዶኔዥያ ባለው ቦሮቡዱር ላይ ይሄ ብቻ ነው የሚያድናችሁ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ 504 የቡድሃ ሐውልቶች የነበሩት ነው። ዛሬ ድንጋዩ ግራጫ ነው፤ አቅጣጫውን የሚነግራችሁ እጁ ነው።

7. ነጠላ ምስል ከሆነ ሥራውን ጠይቁ

በቫጅራያና አራት ዓይነት ሥራ አለ፦ ማረጋጋት በነጭ፣ ማብዛት በቢጫ፣ መሳብ በቀይ፣ መስበር በጥቁር ወይም በጥቁር ሰማያዊ። ታራ የምትባል ሴት አምላክ አለች፤ ነጭ ታራ ለዕድሜና ለጤና የምትለመን ናት፤ በእጇና በእግሯ መዳፎች፣ በግንባሯም ላይ ዓይን አላት፣ ከሁለቱ የፊት ዓይኖቿ ጋር በድምሩ 7። አረንጓዴ ታራ ቀኝ እግሯን ዘርግታለች፣ ለመነሣት ዝግጁ፤ ፈጥና የምትደርስ እሷ ናት። የመድኃኒት ቡድሃ ሰማያዊ ነው፣ ላፒስ ላዙሊ የሚባለውን ድንጋይ መልክ ይዞ።

ጥቁር ምስል ስታዩ «ሰይጣን» ለማለት አትቸኩሉ። ማሃካላ ጥርሱን አግጦ፣ የራስ ቅል ደፍቶ፣ እሳት ለብሶ ይቆማል፣ ግን ጠባቂ ነው። ሁሉም ቀለም ጥቁር ውስጥ ገብቶ እንደሚያልቅ ሁሉ ሁሉም ነገር በሱ ውስጥ ያልቃል ብለው ይተረጉሙታል።

8. ቀለሙ ራሱ ተለውጦ እንደሆነ መርምሩ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በቻይና ዱንሁዋንግ ሞጋኦ ዋሻዎች ውስጥ ፊታቸው ጥቁር ቡናማ የሆነ ምስሎች አሉ። ምልክት ነው ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። ነገሩ ኬሚስትሪ ነው፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራው ቀይ ቀለም ከጊዜ ብዛት ጠቁሯል። የጠቆረው ፊትና እጅ ብቻ ሆኖ ልብሱ ደማቅ ከሆነ፣ ወይም ጥቁረቱ የአካሉን መስመር ሳይከተል ጎራ ጎራ ብሎ ከታየ ተጠራጠሩ።

የድሮ የቲቤት ጨርቅ ሥዕል፣ ታንካ፣ በተፈጨ ማዕድን ነው የሚሠራው። ቀዩ ከሲናባር፣ አረንጓዴው ከማላካይት፣ ሰማያዊው ከአዙራይት ይመጣል። ማጣበቂያው ከቆዳ የሚወጣ ሙጫ ነው። አዙራይትን ሸካራ አድርገው ከፈጩት ጥቁር ሰማያዊ ይሰጣል፤ አልመው ከፈጩት ፈዛዛ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ላይ ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ካያችሁ ሁለት ትርጉም አትፈልጉ፤ ያው አንድ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ላፒስ ላዙሊው ደግሞ ከአፍጋኒስታን ባዳክሻን ተራሮች በነጋዴ እጅ ይመጣ የነበረ ውድ ዕቃ ነው። ካትማንዱ ላይ ታንካ ልትገዙ ከሆነ ቀለሙ የማዕድን ነው ወይስ የፋብሪካ ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

9. የቡድሂዝም ያልሆነውን ለዩ

ባንኮክ ላይ ሰኞ ቀን ቢጫ ሸሚዝ ሲበዛባችሁ የሃይማኖት በዓል ነው አትበሉ። ታይላንድ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን ቀለም አለው፦ እሑድ ቀይ፣ ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ሮዝ፣ ረቡዕ አረንጓዴ፣ ሐሙስ ብርቱካናማ፣ ዓርብ ሰማያዊ፣ ቅዳሜ ሐምራዊ። ሥሩ የሂንዱ ኮከብ ቆጠራ ነው። ቢጫው የነገሠበትም ምክንያት የቀድሞው ንጉሥ ቡሚቦል ሰኞ ስለተወለዱ ነው፤ የአሁኑ ንጉሥ የሆኑት ልጃቸውም እንዲሁ ሰኞ ነው የተወለዱት።

የሚያምታታው ይሄ ልማድ ቤተ መቅደሱ ግቢ ድረስ መግባቱ ነው። ለየቀኑ አንድ የቡድሃ ሐውልት ተደርድሮ፣ ፊት ለፊቱ የሳንቲም ዕቃ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ብዛታቸው 7 ሳይሆን 8 ነው፣ ረቡዕ ለቀንና ለማታ ስለሚከፈል። እዚያ ጋ ሰው የሚመርጠው የተወለደበትን ቀን ነው። ማክሰኞ የተወለደ የተጋደመው ጋ፣ ሐሙስ የተወለደ ተመስጦ ላይ ያለው ጋ፣ ቅዳሜ የተወለደ እባቡ ከጀርባው ተነሥቶ ያጠለለት ጋ ይሄዳል። የተወለዳችሁበትን ቀን የማታውቁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ፤ እዚያ ስትደርሱ አስጎብኚው የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ሊሆን ይችላል።